ከሰርቨሩ ያልተነሳው ስም

አንድ ሰው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ ሐኪም ግን አይደለም። መርፌ አይወጋም፣ ቁስል አያጥብም። ሥራው ኮምፒውተር መጠበቅ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራላችሁም። ከዚህ ሩቅ ነው። ቅርብ ቢሆንም አልጠራውም ነበር።

ይህ ሰው ጥሩ ሰው ነው። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈርዱበታላችሁና።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በግቢው ውስጥ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ክፍል እሷ ብቻ ናት። በውስጧ የተኛ ታካሚ የለም። ያለው አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው፣ ቀንም ሌትም ሲያጉረመርም የሚውል።

አሁን ቀስ በሉ፤ እኔም የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። በዚህ በአንዱ ሰርቨር ሆድ ውስጥ አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። በእጅ አይዳሰሱም፤ ግን አሉ። አንዱ የካርድ ክፍሉን ይይዛል፣ አንዱ ላብራቶሪውን፣ አንዱ መድኃኒት ቤቱን፣ አንዱ የእናቶች ክትትሉን። እያንዳንዱ በዓለም ላይ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። እኔ ተከራይ እላቸዋለሁ።

ግቢ ተከራይታችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። አሥራ አንድ ክፍል፣ አሥራ አንድ በር፣ አሥራ አንድ ቁልፍ። ተከራዩ በሩን ቆልፎ ይተኛል። የግቢው ባለቤት ግን ቆጣሪው ጋ ሄዶ መብራቱን ቢያጠፋ የማንን ቁልፍ ይጠይቃል? የማንንም። መለዋወጫ ቁልፍም አለው። ቢፈልግ ገብቶ አልጋችሁን ያዞርላችኋል።

የሰርቨሩም ቆጣሪ እንዲህ ነው። አንዲት የማስተዳደሪያ ፕሮግራም አለች። እሷን የከፈተ ሰው አሥራ አንዱንም ያበራል፣ ያጠፋል፣ ይገለብጣል፣ ውስጣቸው ገብቶም ያዛል። ተከራዩ «ማን ነህ?» አይለውም። የግቢው ጌታ ነዋ።

ታዲያ ይህ ጥሩ ሰው ምን ይጠብቅ ነበር?

የተከራዮቹን በር ነበር የሚጠብቀው። አሥራ አንዱ ላይ የቫይረስ መከላከያ ጫነ። በየሦስት ወሩ ሠራተኛው ሁሉ የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር አስገደደ። የእናቶች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ዘነቡ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«አንተ ሰው፣ የአራቱን ልጆቼን ስም ጨረስኩልህ። አሁን የጎረቤት ልጆች ላይ ነኝ። ካልተውከኝ ሌላ ልወልድ ነው።»

«ሲስተር፣ መጀመሪያውንም ስም አይሁን። ቁጥርም ምልክትም ይግባበት።»

«በልጆቼ ላይ ምልክት? እንደ በግ?»

ትስቃለች፣ ይስቃል፣ ትቀይራለች። አሥራ አንዱም በር ተቆልፏል። የቆጣሪው ሳጥንስ?

ቆጣሪውን መክፈት የሚችሉ ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ። አንዱ የእሱ። ሁለተኛው የጋሼ ኤርሲዶ።

ጋሼ ኤርሲዶ ሰርቨሩን በትከሻቸው ተሸክመው ወደዚያች ክፍል ያወረዱ ሰው ናቸው። ይህን ሰው ሽቦ ከሽቦ እንዲለይ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በኮሮና ጊዜ ከቤታቸው ሆነው ማሽኖቹን እንዲቆጣጠሩ ከውጭ የሚገባ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር። ኮሮናው አለፈ። መንገዱ አልተዘጋም።

ከዚያ ጡረታ ወጡ። ጋቢ ለበሱ፣ ንግግር ተደረገ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። መሄጃ ለሌለው ጡረተኛ ሰዓት ለምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም።

መሥሪያ ቤት የለቀቃችሁ ደግሞ ክሊራንስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ወረቀት ይዛችሁ በየክፍሉ ትዞራላችሁ። ንብረት ክፍል «ያልመለሰው ዕቃ የለም» ብሎ ይፈርማል። መዝገብ ቤት ይፈርማል። በመጨረሻው መስመር ላይ «ስሙ ከሲስተሙ ተነስቷል» ይላል። እዚያ ላይ የሚፈርመው የኮምፒውተሩ ሰው ነው።

ጋሼ ኤርሲዶ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ወንበር ሳቡ፤ ከአጠገቡ ተቀመጡ።

«በል፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ» አሉት።

ፕሮግራሙን ከፈተ። ስማቸውን አገኘ። «አስወግድ» የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» አለው። ዞር ብሎ አየ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን እያዩ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ያሳደጋችሁ ሰው። ትናንት ጋቢ ያለበሳችሁት ሰው። አጠገባችሁ ተቀምጦ ስሙ ሲሰረዝ ያያል።

ስክሪኑን ትንሽ ዞር አደረገና «ተው» የሚለውን ተጫነ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ማኅተም መታ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ ጋሼ።»

«ጎበዝ።»

ይህ ክፋት ነው? አይደለም። ይሉኝታ ነው። ወገኖቼ፣ ይሉኝታ ከክፋት ይልቅ ብዙ በር ሲከፍት አይቻለሁ። ክፋት ሲመጣ እንነቃለን፤ ይሉኝታ ሲመጣ ወንበር እንስባለን።

ሰኞ አነሳዋለሁ ብሎ ነበር። ሰኞ የካርድ ክፍሉ ማተሚያ ተበላሸ። ማክሰኞ ለቅሶ ነበር። ከዚያ ስምንት ወር ሆነ።

በስምንተኛው ወር ጋሼ ኤርሲዶ ስልካቸው ላይ መልእክት ደረሳቸው። «የጡረተኞች የሕክምና መታወቂያ እየታደሰ ስለሆነ የቀድሞ መግቢያ ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ይሙሉ» ይላል። የሆስፒታሉ ዓርማ አለበት። ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው፤ ያለዚያ መታወቂያ ክትትል የለም። መነጽራቸውን አወረዱ፤ ሞሉ። መልእክቱ «እናመሰግናለን» አላቸው። ምስጋናው እውነተኛ ነበር።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእናቶች ክፍል ስክሪን ጠፋ። ቀጥሎ ላብራቶሪው። ቀጥሎ መድኃኒት ቤቱ። ሲስተር ዘነቡ ደወለች።

«አንተ፣ የይለፍ ቃሌን ተሳስቼ ይሆን?»

«ሲስተር፣ ያንቺ አይደለም።»

የእሷ አልነበረም። አሥራ አንዱም በር እንደተቆለፈ ነው። ማንም አልሰበረውም። ያን መልእክት የላኩት ሌቦች በተሞላላቸው ስምና የይለፍ ቃል ጋሼ ኤርሲዶን ሆነው፣ በኮሮናው መንገድ ገብተው፣ ቆጣሪው ጋ ቆሙና ሁሉንም አጠፉ። ማንም እንዳይከፍታቸው ፋይሎቹን ቆለፉ። በሰርቨሩ ላይ የነበረውን መጠባበቂያ ቅጂም ደመሰሱ። ይህን ሁሉ ያደረጉት በዚያች በማስተዳደሪያዋ ፕሮግራም ነው፣ እኛው ለራሳችን ሥራ በጫንናት። ሌባ መሰላል ይዞ አልመጣም፤ የእኛው መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

አንድ ነገር ተረፈ። ጋሼ ኤርሲዶ ድሮ «አንዱ ቅጂ ከሽቦ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይተኛ» ብለው አስተምረውት ነበር። ተኝቶ ተገኘ። የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። የሦስት ሳምንቱ መዝገብ ግን ቀረ። ሲስተር ዘነቡ ስድሳ ሁለት ነፍሰ ጡር እናቶችን አንድ በአንድ አስጠርታ እንደገና ደም አስመረመረች። ማንም አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆስፒታሉ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው። ማን አደረገው?

ማሽኑ የገባውን ሰው ስም ይመዘግባል። «ኤርሲዶ» ይላል።

አጣሪ ኮሚቴው የክሊራንሱን ወረቀት አወጣ። «ስሙ ከሲስተሙ ተነስቷል» ይላል። ተፈርሞበታል።

እንግዲህ ኮሚቴ ሁኑና አስቡት። የተነሳ ስም እንዴት ይገባል? ጋሼ ከመውጣታቸው በፊት ለራሳቸው ድብቅ በር ሠርተዋል ማለት ነዋ። ኮሚቴው ሞኝ አልነበረም። በያዘው ወረቀት ትክክል አሰበ። ወረቀቱ ነው የዋሸው።

የኮምፒውተሩን ሰው ጠሩት።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ስለዚህ አንስተሃቸው ነበር።»

«ፊርማው የኔ ነው» አለ።

አልዋሸም። እውነትም አልተናገረም። በመካከሉ ያለችውን ቦታ ታውቋታላችሁ፤ ሁላችንም ቆመንባት እናውቃለን። አንድ እግር ብቻ ነው የምታስቆመው።

ፖሊስ የጋሼን ስልክ ወሰደ። ሦስት ጊዜ ጠራቸው። ጋሼ ኤርሲዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእድራቸው ዳኛ ነበሩ። የእድሩ ጸሐፊ ቤታቸው ድረስ መጣና «ነገሩ እስኪጠራ ትንሽ ይረፉ፣ ጋሼ» አላቸው። ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡት። «ምነው?» አላሉም።

ሰውየው ለባለቤቱ ለሰናይት ነገራት። ወይም ግማሹን ነገራት።

«የገባው ጋሼ ናቸው?» አለችው።

«ስማቸው ነው የገባው።»

«ስማቸውን ነው እሳቸውን?»

እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«አንስቼዋለሁ ብለህ የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ ነው ያልኩት።»

ሰናይት ትንሽ አየችው። «እና ምን ልታደርግ ነው?»

«እያጣራሁ ነው።»

«አንተው አድርገኸው አንተው ታጣራለህ? ጥሩ ሥራ ነው። ተቀናቃኝ የለበትም።»

አራት ቀን ዋለ። እንጀራው ነው፣ ስሙ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። አትፍረዱበት አልልም፤ ስትፈርዱ ግን ቀስ በሉ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ጋሼ ኤርሲዶ ቤት ወሰደው።

ጋሼ ከጓሯቸው እንሰቱ ሥር እየኮተኮቱ ነበር። ሲያዩት ዶማውን አስቀመጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ዘረጉለት። ሰው ቤታቸው ከመጣ ሰነባብቷል።

«ግባ፣ ግባ። ደግ አደረግክ። እኔም ልጠራህ ነበር።»

«ለምን ጋሼ?»

ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። ባለቤታቸው ከቤት ውስጥ እንዳይሰሙ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ነገር አድርጌ ይሆን?»

«ምኑን?»

«ማሽኑን። እኔ ስድሳ አንድ ሊሞላኝ ነው። አባቴ በስተርጅና ቤቱ ጠፍቶት ነበር፤ ደጁ ላይ ቆሞ ቤቴ የት ነው ይል ነበር። እኔም ጀምሮኝ ይሆን? ተቀምጬ አስባለሁ። አልከፈትኩትም፤ ግን ስሜ ከፍቶታል። አንተ ደግሞ አንስተኸኛል። አንተ ፈርመህ የተውከው ነገር የለም፤ እኔ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ስህተቱ ያለው እዚህ ነው።» ጭንቅላታቸውን በጣታቸው ነኩ። «ሐኪም ዘንድ ልሂድ እያልኩ ነው። ብቻ ለእሷ እንዳትነግራት።»

ወገኖቼ፣ ሰምታችኋል? ጋሼ የገዛ ልቡናቸውን ተጠራጠሩ፤ የተማሪያቸውን ፊርማ ግን አልተጠራጠሩም።

ሰውየው እንሰቱ ሥር ቁጭ አለ። ቆሞ የሚነገር አልነበረም።

«ጋሼ፣ አላነሳሁዎትም።»

«ምን?»

«ያን ቀን። አጠገቤ ተቀምጠው። ተው የሚለውን ነው የተጫንኩት። ፈረምኩ እንጂ አላነሳሁዎትም።»

ጋሼ ኤርሲዶ ወደ እሱ ዞሩ።

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«እኔን አፍረህ» አሉ፤ ቀስ ብለው፤ የሰሙትን እንደሚያጣሩ። «እኔን አፍረህ ይህን ሁሉ አሸከምከኝ።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ እኮ ያን ቀን የተቀመጥኩት ስታነሳኝ ለማየት ነው። ለፊርማውማ ወረቀቱን ትቼልህ እሄድ ነበር። ሰው ሲወጣ ስሙ አብሮ ይውጣ ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ጨረስኩ ስትለኝ ልጁ ደረሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።»

ሰውየው አለቀሰ። ጋሼ አላባበሉትም፤ አልተቆጡትምም። ዶማቸውን አንስተው ትንሽ ኮተኮቱ። ቆይተው «እንግዲያው ጤነኛ ነኝ» አሉ። ከእነዚያ ቀናት ሁሉ በኋላ ሸክሙ ከትከሻቸው የወረደው ያኔ ነው።

«ነገ ኮሚቴው ጋ እሄዳለሁ። አብረን እንሂድ፣ ጋሼ።»

«ብቻህን ሂድ። እኔ ካለሁ ደግሞ ታፍራለህ።»

ብቻውን ሄደ። ተናገረ፤ ጽፎም ፈረመ፤ ይኛው ፊርማ እውነት ነበር። ከኃላፊነቱ ተነሳ፤ ማስጠንቀቂያ ማኅደሩ ውስጥ ገባ። የጋሼ ስልክ ተመለሰ፤ ሌቦቹ የላኩት መልእክትም እዚያው ተገኘ። እድሩ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ዳኝነቱን ግን አልተቀበሉም። ማንም ቤታቸው ሳይመጣ የከረመባቸውን ቀናት ቆጥረዋቸው ኖሯል። እውነት ሲዘገይ የሚመለሰው ሁሉም ነገር አይደለም።

አሁን በዚያ ሆስፒታል ማስተዳደሪያዋ ፕሮግራም የምትከፈተው በምድር ቤቷ ካለ ከአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃትም፤ በስልክ የሚላክ ሁለተኛ ቁጥር ትጠይቃለች። የኮሮናው መንገድ ተዘግቷል። ማንም ከሥራው በላይ ሥልጣን የለውም፤ የሚያበራ ያበራል እንጂ አይደመስስም። የገባ የወጣው ስም የሚመዘገበው ደግሞ እዚያው ሰርቨሩ ላይ አይደለም፤ ሌባ ቢገባ ዱካውን እንዳያጠፋ ሌላ ቦታ ነው። የክሊራንሱ ወረቀት ላይም አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ለቃቂው ስሙ ሲነሳ በዓይኑ አይቷል።» ሁለት ፊርማ።

አባቶቻችን «ደጅህን ዝጋ፣ ጎረቤትህን ሌባ አትበል» ይላሉ። እኔ ለረጅም ጊዜ ይህ ስለ ሌባ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጎረቤት ነው። ክፍት የተተወ በር መጀመሪያ የሚጎዳው ባለቤቱን አይደለም። በዚያ በር ሊያልፍ ይችል ነበር የሚባለውን ንጹሕ ሰው ነው።

እናንተስ?

ሰርቨር የለኝም ትሉኝ ይሆናል። የመዘምራኑ የቴሌግራም ገጽ አለ። አስተዳዳሪዎቹ ስንት ናቸው? ሰባት ናቸው። ሁለቱ አገር ለቀዋል። አንዷ ከመዘምራኑ ጋር ተጣልታ ሌላ አጥቢያ ገብታለች። እስካሁን ምንም አላደረገችም፤ ደግ ሰው ስለሆነች። አንድ ቀን ስልኳ ቢሰረቅና በገጻችን ላይ አንድ አስነዋሪ ነገር ቢወጣ ግን ማንን ነው የምንጠረጥረው? እሷን። ያን ጊዜ የበደላት ማን ይሆናል? ሌባው ብቻ?

ወደ ውስጥም እንግባ። በየአንዳንዳችን ውስጥ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል አለች። እዚያ የቆመ ሰው የደስታችንን ቁልፍ አይጠይቅም፤ የጸሎታችንን ቁልፍ አይጠይቅም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ውጭውንማ እንጠብቃለን። አነጋገራችንን እንጠብቃለን፤ አለባበሳችንን እንጠብቃለን፤ እሁድ በሰዓቱ እንመጣለን። አሥራ አንዱም በር ተቆልፏል።

ቆጣሪው ጋ የማን ስም አለ?

አንተ በአሥራ ሁለት ዓመትህ «አንተ ምንም አትሆንም» ያለህ ሰው ስም አለ? ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። አንቺ ያኔ ያመንሽው፣ አሁን የምትጠዪው ሰው ስም አለ? በስሙ ማን እየገባ እንደሚያጠፋብሽ መርምረሽ ታውቂያለሽ? እሱ ራሱ ረስቶሽ ይሆናል። ለእግዚአብሔር ግን «ልቤን ሰጥቼሃለሁ» ብለን ፈርመናል። ማኅተምም መትተናል። ፊርማው የኛ ነው። እነዚያን ስሞች ግን አንስተናቸዋል ወይ?

ጥሩ ሰው ማለት ይህን ጥያቄ የማይፈራ ሰው አይደለም። በአምስተኛው ቀንም ቢሆን እንሰቱ ሥር ቁጭ ብሎ «አላነሳሁም» የሚል ነው። ምሕረት ያለው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አላውቅም፤ እያንዳንዷ ቀን ግን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንደምታልፍ አውቃለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ቤት ሂዱ። ቁልፍ ሰጥታችሁት ሳትቀበሉት የቀረ፣ ሥልጣን ሰጥታችሁት አፍራችሁ የተዋችሁት። ፊት ለፊት ተቀመጡና «የሰጠሁዎትን ቁልፍ ልቀበልዎ መጣሁ» በሉ። ቢከፋቸው ይክፋቸው። ባልሠሩት ከሚጠየቁ ዛሬ ቢከፋቸው ይሻላል። ምናልባትም ከዓመት በፊት ጀምረው ሲጠብቋችሁ ኖረው ይሆናል።

እኛም ከቤታችን እንጀምር። የዚህ አዳራሽ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ትናንት ጠየቅሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት የተለያየ ቁጥር ነገሩኝ። ከጸሎቱ በኋላ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ሰሃን ይዘው ይቆማሉ። ቁልፍ ያላችሁ፣ አሁን ግን አገልግሎቱ ላይ የሌላችሁ፣ ስታልፉ ሰሃኑ ላይ አኑሩ። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጠይቅም፤ «እናመሰግናለን» ትባላላችሁ። የኔ ቁልፍ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ሰሃኑ ላይ ከሁሉም ሥር ታገኙታላችሁ።

እንነሣና እንጸልይ።